«ፈለገ» የማይበቃበት ቦታ፦ ለመፈለግ ትክክለኛውን ቃል አመራረጥ

ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። የልብ ወለድ ረቂቅ፣ ትርጉም፣ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ አንዳንዴም የሠርግ ጥሪ ይደርሰኛል። ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «እዚህ ላይ ፈለገ ልበል፣ ሻ ልበል፣ ተመኘ ልበል? ሁሉም ያው መፈለግ አይደለም?»

ያው አይደለም። በቅርቡ ያረምሁት ረቂቅ ውስጥ አንዲት ሴት በአንድ ገጽ ላይ ቡና ፈለገች፣ ከሞተ ዓመት ያለፈውን አባቷን ፈለገች፣ ማልቀስ ፈለገች፣ የጎረቤቷን ወርቅ ፈለገች። አራቱም ዓረፍተ ነገሮች በሰዋስው ትክክል ናቸው። አንባቢ ግን የሟች አባቷን ስታፈላልግ መቃብር ለመቃብር የምትዞር ሴት ያያል እንጂ አባቷ የናፈቃትን ሴት አያይም። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ገጽ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚያስተካክሉት ያሳያል።

ለሥራው የሚያስፈልጉ

- በወረቀት የታተመ ረቂቅ። በኮምፒውተር ላይ ስናነብ ዓይናችን የተደጋገመውን ቃል ይዘለዋል።
- ሁለት እርሳስ፣ ቀይና ሰማያዊ።
- መዝገበ ቃላት። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.) ወይም የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) ይበቃል።
- ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነብልዎ ሰው፤ ቢቻል አማርኛን በመጽሐፍ ሳይሆን በጆሮው የተማረ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው።

ጥንቃቄ፦ መዝገበ ቃላቱን ለማረጋገጫ እንጂ ለመምረጫ አይጠቀሙበት። ተመኘን ሲያዩ ወደ ፈለገ፣ ፈለገን ሲያዩ ወደ ሻ ይመራዎትና ከጀመሩበት ቦታ ይመልስዎታል። ልዩነቱ ቃሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ በሚያሳየው ጠባይ ላይ ነው።

1. «ፈለገ»ን ሁሉ ያስምሩበት፤ ፍለጋውን ከፍላጎቱ ይለዩ

ፈለገ ሁለት ሥራ ደርቦ የያዘ ግስ ነው፤ የጠፋን ነገር መፈለግና የሌለን ነገር መፈለግ። የመጀመሪያውን በቀይ፣ ሁለተኛውን በሰማያዊ ያስምሩ። ካጠራጠረዎ «እየ…ነው» ውስጥ አስገብተው ይፈትኑት፤ ትርጉሙን ሳይለውጥ ከገባ ፍለጋ ነው። «ቁልፌን እየፈለግሁ ነው» ያለ ሰው ኪሱን እየዳበሰ ነው። «ውኃ እፈልጋለሁ» ያለው ግን አንድ ብርጭቆ እንዲሰጡት ይጠብቃል።

ተፈላጊው ሰው ሲሆን ችግሩ ይከፋል። «ልጁን ፈለገው» የሚለውን አንባቢ መጀመሪያ የሚረዳው በፍለጋ ነው። «አለቃ ይፈልግሃል» ደግሞ ሊያነጋግርህ ጠርቶሃል ማለት ነው። ስለዚህ ተሳቢው ሰው በሆነበት ሁሉ ሰማያዊ ካሰመሩ ከጎኑ ምልክት ያድርጉ፤ ቃሉ ሳይለወጥ አይቀርም።

ሦስተኛ ዓይነት ፈለገም አለ፤ እርሱን አይንኩት። «የፈለገ ቢዘንብ እመጣለሁ» ሲባል የሚፈልግ ማንም የለም።

2. የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ይጠይቁ

ከሁሉም ደረጃዎች ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። «ቡና እፈልጋለሁ» ስል ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ አስቤ፣ ወስኜ ነው የምናገረው። «ቡና አማረኝ» ስል ግን ባለቤቱ ቡናው ነው። እኔ የደረሰብኝ ሰው ነኝ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ ከምንላቸው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ማንም ወስኖ አይራብም።

አማርኛ በዚህ በኩል ሦስት ጥሩ ቃላት አሉት። የሰውነት ነገር ከሆነ አማረኝ ይላሉ። የልብ ነገር ከሆነ ናፈቀኝ ይላሉ። ምክንያቱን ራስዎ ሳያውቁት ድንገት የመጣ ነገር ሲሆን አሰኘኝ ይላሉ፤ «ብቻዬን መሄድ አሰኘኝ»፣ «ማልቀስ አሰኛት»። ገጸ ባሕርይዎ ያላሰበበትን ነገር «ፈለገ» ሲሉ ያልነበረውን ውሳኔ ይሰጡታል። ለአንባቢ ሰውየው ቀዝቃዛ መስሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ይጠብቁ።

ጊዜው፦ አማረኝ፣ ናፈቀኝ፣ አሰኘኝ ቅርጻቸው ኀላፊ ነው፤ ትርጉማቸው ግን አሁን ነው። አንድ ተርጓሚ የአሁን ጊዜ ለማድረግ ሲል «ቡና ያምረኛል» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ያ የሚሆነው ለልማድ ነው፤ «ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቡና ያምረኛል»። አሁን፣ በዚህ ደቂቃ ከሆነ «ቡና አማረኝ» ይባላል።

ስምምነቱ፦ ግሱ የሚስማማው ከተፈለገው ነገር ጋር ነው። «እናቴ ናፈቀችኝ»፣ «ልጆቼ ናፈቁኝ»። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ዋሽንግተን ያደገች አንዲት ልጅ ለአያቷ ስልክ ደውላ «እማማ፣ ናፍቄሻለሁ!» አለቻቸው። አያት ደግሞ «እንዴታ ልጄ! እጅግ ነው እንጂ የናፈቅሽኝ» ብለው መለሱ። ልጅቱ «አንቺ ናፍቀሽኛል» ማለቷ ነበር፤ አያት የሰሙት ግን «እኔ ናፍቄሻለሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። «አገሬን ናፈቅሁ» ማለት ስሕተት አይደለም፤ በጽሑፍም አለ። ተናጋሪና ተሰሚ ፊት ለፊት ሲሆኑ ግን የሚያስተማምነው «ናፍቀሽኛል» ነው።

ቅጥያው፦ አማረ ያለ ተሳቢ ቅጥያ ውበት ነው። «ሙሽራዋ አማረች» ሲሉ ቆንጆ ሆነች ማለት ነው፤ «ሙሽራዋን ብርቱካን አማራት» ሲሉ ዘመዶቿ ሌላ ነገር መጠርጠር ይጀምራሉ፤ አምሮት ከእርግዝና ጋር የሚነሣ ቃል ነውና። «ዱላ አማረህ?» ደግሞ ማስፈራሪያ ነው። ትርጉም ውስጥ እንደ ጥያቄ አያስገቡት።

3. ርቀቱን ይለኩ

ባለቤቱን ከለዩ በኋላ ተፈላጊው ነገር ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ይጠይቁ። ቀኑ ተቆርጦ እየመጣ ላለው ነገር ጓጓ ይባላል። ላይመጣ ለሚችለው ተመኘ ይባላል። አንድ ጊዜ በእጅ ገብቶ ለወጣው ናፈቀ ይባላል።

ሦስቱን ለመለየት የማስተምረው በፋሲካ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ያለ ልጅ ለፋሲካ ይጓጓል፤ በዓሉ እንደሚመጣ ያውቃልና ቀን ይቆጥራል። በመጨረሻው ሳምንት ሥጋ ያምረዋል። ቤሩት ወይም ዱባይ በሰው ቤት ሥራ ላይ ሆና በዓሉ የሚያልፍባት እኅቱን ግን የእናቷ ዶሮ ወጥ ይናፍቃታል። እርሷ ለዶሮ ወጡ አትጓጓም፤ የምትበላበት ቀን አልተቆረጠማ። በሚቀጥለው ዓመት አገሯ ገብታ ከቤተሰቧ ጋር ልትፈስክ ትመኛለች። የአውሮፕላን ትኬት የገዛች ዕለት ደግሞ «ተመኘች» የሚለው ቃል ጊዜው ያልፍበታል፤ ያን ጊዜ ጓጓች ይበሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ድስት፤ ትኬት ሲቆረጥ ግሱ ይለወጣል።

«ምኞት አይከለከልም» የሚባለውም ለዚህ ነው። ምኞት ምንም ወጪ የለውም፤ ምንም ዋስትናም የለውም። «ጉጉት አይከለከልም» ቢሉ ማንም አይረዳዎትም። (ጉጉት ከወፏ ጋር በጽሑፍ አንድ ስለሆነ «በጉጉት ተመለከተ» ማለት ሲፈልጉ ዙሪያው ያለውን ዓረፍተ ነገር ግልጽ ያድርጉት፤ በተለይ ታሪኩ ሌሊትና ዛፍ ካለበት።)

ናፈቀ ደንቡን የሚያፈርስበት ቦታ አለ፤ እርሱም የቃሉ ጌጥ ነው። በመዝሙረ ዳዊት ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ ነፍስ ወደ አምላኳ ትናፍቃለች። በባርነት የተወለደ ሰውም «ነጻነት ናፈቀው» ይባላል፤ አይቶት ግን አያውቅም። እንዲህ ሲሉ ነገሩ ከመጀመሪያው የእርሱ ነበር፣ ተወስዶበታል ማለትዎ ነው። «ነጻነት ተመኘ» ካሉ ግን ነጻነቱ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ይቀራል። የትኛውን ማለት እንደፈለጉ ወስነው ይጻፉ።

4. «ተመኘ» ካሉ ተሳቢውን ይመርምሩ

ተመኘ ተሳቢው ዕቃ ወይም ኑሮ ሲሆን ንጹሕ ቃል ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ሲሆን ወደ ኃጢአት ይጠጋል፤ በዐሥርቱ ትእዛዛት «አትመኝ» የተባለው ስለ ባልንጀራ ቤትና ንብረት ነው። ተሳቢው ራሱ ሰው ሲሆን ደግሞ የሥጋ ምኞት ይሆናል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ሴትን አይቶ የተመኛት በልቡ አመንዝሯል የተባለው በዚሁ ግስ ነው።

እንግዲህ የ«ል»ን ዋጋ ይመልከቱ። «መልካሙን ሁሉ እመኝልዎታለሁ» ምርቃት ነው። «እመኝዎታለሁ» ግን ነውር ነው። አንድ ወጣት ለቀድሞ መምህርቱ ባዘጋጀው የአዲስ ዓመት ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «መልካም ዓመት እመኝዎታለሁ» ብሎ ጽፎ ሳይልከው ደርሼበታለሁ። ከደብዳቤው የጎደለው አንድ ፊደል ብቻ ነበር። የምኞት መግለጫ፣ የልደት ካርድ፣ የሠርግ ንግግር ሲያርሙ «ተመኘ»ን በጣትዎ እየነኩ «ል» መኖሩን ያረጋግጡ፦ እመኝልሃለሁ፣ እመኝልሻለሁ፣ እንመኝላችኋለን።

5. ፍላጎቱ ነውር አለበት?

አንዳንድ ቃል ፈላጊውን ከመግለጽ አልፎ ይፈርድበታል። ጎመጀ ምራቅ የሚያስውጥ ፍላጎት ነው፤ በምግብ ላይ ሲውል ፈገግ ያሰኛል፣ በሰው ሀብት ላይ ሲውል ያስንቃል። ቋመጠ ከዚያ ይጠነክራል፤ ፊት ለፊት እያዩ አለማግኘት ነው፤ «ለሥጋ ቋመጠ»። (በ«ቋ» ይጻፉት። «ቆመጠ» ካሉ ቆረጠ ይሆንብዎታል።) ሰፈሰፈ ደግሞ ክብርን የጣለ ሰው ቃል ነው፤ «ለሹመት ይሰፈስፋል» የተባለ ሰው በአንባቢ ፊት ከዚያ በኋላ አይነሣም። ተራኪው ያላሰበውን ፍርድ እንዳይሰጥ እነዚህን ቃላት ቆጥበው ያውጡ። ፍትወትም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ የሚሰማው የሥጋ ፍላጎት ሆኖ ብቻ ስለሆነ ለ«ብርቱ ፍላጎት» ምትክ አያድርጉት።

ስስትን ግን ለብቻው ይያዙት። «ልጁ ስስታም ነው» ነቀፋ ነው፤ ለሌላ አያካፍልም። «እናቱ ትሳሳለታለች» ግን ፍቅር ነው፤ እንዳታጣው እየፈራች፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። «ለ» ይዞ ሲመጣ ነቀፋው ይጠፋል። ተርጓሚዎች ይህን የመሰለ ቃል በእጃቸው እያለ «በጣም ትወደዋለች» ብለው ማለፋቸው ያሳዝነኛል።

6. ወደ ድርጊት ምን ያህል እንደተጠጋ ይወስኑ

ሐሳብ ብቻ ከሆነ ፈለገ ይበቃል። ልብ ተነሥቶ ሰውነት ካልተከተለ «ሊናገር ከጀለና ተወው»። ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ፣ ዓይኗ እንባ ካቀረረ «ልታለቅስ ዳዳት»። እጅ ከተነሣ «ዱላ ቃጣበት»። ይህ ደረጃ አጭር ነው፤ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ግን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይቆጥብለታል። «ማልቀስ ፈለገች፤ ዓይኗም በእንባ ተሞላ» ከማለት «ልታለቅስ ዳዳት» ማለት ሁለቱንም ይሸከማል።

7. ቃሉን ለቦታው ይመጥኑ

ሻ ከፍ ላለ ጽሑፍ፣ ለግጥም፣ ለጸሎት ይስማማል፤ ገበያ ውስጥ «ሽንኩርት እሻለሁ» የሚል የለም። «እንዳሻው»፣ «ያሻውን ያድርግ» የሚሉት ግን በየዕለቱ አሉ። ሻን ሲጠቀሙ ከተሻለ ጋር እንዳይጋጭብዎ ይጠንቀቁ። «ሰላም ይሻል» ፈላጊ ነው፤ «ሰላም ይሻላል» ምክር ነው። «ይሻ ነበር» ፈለገ፤ «ይሻል ነበር» የተሻለ ነበር። አንዲት «ል» ትርጉሙን ትገለብጠዋለች። «ርዳታ ሽቶ መጣ» የሚለው ደግሞ ሽቶ የተቀባ ሰው እንዳያስመስል «ርዳታ ፈልጎ» ቢሉት ይቀላል።

ፈቀደ በግእዝ ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው። በአማርኛ ግን በብዛት የሚያገለግለው ፈቃድ ለመስጠት ነው። የመፈለግ ትርጉሙ «በፈቃዱ»፣ «ፈቃደኛ»፣ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ውስጥ ስላለ በእነዚሁ ብቻ ይጠቀሙበት። ወደደም እንዲሁ ጓዳ አለው፤ «ወድጄ አይደለም»፣ «ወዶ ዘማች»፣ «ወደደም ጠላም»። እዚህ ሁሉ ወደደ ፍቅር ሳይሆን ያለ ግዴታ መፈለግ ነው።

በማመልከቻ ላይ «ሥራውን እፈልጋለሁ» አይጻፉ፤ አለቃን ያዘዙ ያስመስላል። «በቦታው ላይ ለመሥራት ፍላጎት ያለኝ ስለሆነ» ብለው ያመልክቱ። ፊት ለፊት ከሆነ ጊዜውን ወደ ኋላ መግፋት ያለዝበዋል፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር»። ነገሩ ያለፈ አይደለም፤ አክብሮቱ ነው ወደ ኋላ የሳበው።

8. አገባቡን ያስተካክሉ

ቃል ሲለውጡ ከፊቱ ያለው ግስ አብሮ ይለወጣል። ብዙ ሰው ቃሉን ይተካና አሮጌውን አገባብ ይተወዋል፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ ያነክሳል። ይህን ከአጠገብዎ ይያዙ፦

- መሄድ ፈለገ፣ መሄድ ተመኘ፣ መሄድ አሰኘው፣ መሄድ ናፈቀው
- ለመሄድ ጓጓ፣ ለመሄድ ቋመጠ
- ሊሄድ ከጀለ፣ ሊሄድ ዳዳው
- ሂያጁ ሌላ ሰው ሲሆን፦ እንድትሄድ ፈለገ፣ እንድትሄድ ተመኘ

ከ«አገሬን ናፈቅሁ» ዓይነቱ በቀር አማረ፣ ናፈቀና አሰኘ ለመፈለግ ሲውሉ የሰውየውን ቅጥያ (‑ኝ፣ ‑ህ፣ ‑ው፣ ‑ት) የግድ ይፈልጋሉ። ፈለገና ጓጓ ለባለቤቱ አይፈልጉም።

9. ጮክ ተብሎ ሲነበብ ይስሙ

አንባቢው ያለ ምክንያት የቆመበት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ። ትልልቅ ሰዎች ስሕተቱን በስም ላይጠሩልዎ ይችላሉ፤ ግን «እንዲህማ አይባልም» ይሉዎታል። ይህ ይበቃል፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመልሰው ባለቤቱን እንደገና ይጠይቁ።

በብዛት የማገኛቸው ስሕተቶች

«እፈልጋለሁ»ን ከ«ያስፈልገኛል» ጋር ማምታታት። ሕመምተኛው መርፌ አይፈልግም፤ ያስፈልገዋል። ልዩነቱን ዘንግቶ የተጻፈ የሕክምና ማሳሰቢያ በሽተኛው የጠየቀ ያስመስለዋል።

ማዕድ ላይ «አልፈልግም» ማስባል። በአገራችን ቤት እንግዳ እንዲህ ካለ ተቀይሟል። ገጸ ባሕርይዎ ካልተቀየመ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይበል፤ ከታመመ «ምንም አላሰኘኝም» ይበል።

በኢኮኖሚ ጽሑፍ ፍላጎትን በምኞት መተካት። «ፍላጎትና አቅርቦት» የጸና አጠራር ነው። ሊገዛ አቅም ያለው ፍላጎት እንጂ ምኞት በዋጋ ላይ ለውጥ አያመጣም።

ድግግሞሽን በመፍራት ብቻ ቃል መለዋወጥ። ሰውየው ሦስት ጊዜ አስቦ፣ ወስኖ፣ ያንኑ ነገር ከፈለገ ሦስቱም ቦታ «ፈለገ» ይሁን። ሁለተኛውን «ሻ»፣ ሦስተኛውን «ተመኘ» ካደረጉት ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሆኑብዎታል።

መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት ገጽ በእነዚህ ደረጃዎች ካለፈ በኋላ እንዲህ ሆነ፦ «ቡና አማራት። ጀበናውን ስትጥድ አባቷ ናፈቃት፤ ልታለቅስ ዳዳትና ፊቷን አዞረች። በመስኮት በኩል ጎረቤቷ አለፈች፤ የአንገቷን ወርቅ አየችውና ለአፍታ ጎመጀች።» ደራሲዋ የመጨረሻውን ቃል አልተቀበለችኝም። ለገጸ ባሕርይዋ ስለምትሳሳላት ወደ «ተመኘች» ለወጠችው፤ መብቷ ነው።